ከመኪና ያልወረዱት ሽማግሌዎች

መኪናዋን የገዛኋት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ድሬዳዋን በሁለት እግሬና በባጃጅ ነው የኖርኩባት፤ የጎደለኝ ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። ዕድሜዬን የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሳስወጣ ነው የጨረስኩት። የስንት መኪና ወረቀት በእጄ አልፏል፤ አንዱም ግን የእኔ አልነበረም። ሥራ አቁሜ ቤት በዋልኩ በአራተኛው ወር፣ ጓዙን ጠቅልሎ ውጭ አገር የሚሄድ አንድ ነጋዴ ወዳጄ "ለአንተ ስለሆነ ነው" ብሎ ጥቁር መኪናውን አሳየኝ።

ዓይነቷን አልጽፍም። ስሟን ከጠራሁ ባለቤቴ ዛሬም ትቆጣለች። ከቤት መኪና ከፍ፣ ከገጠር መኪና ዝቅ ያለች፣ ወንበሯ ሁሉ ቆዳ፣ ጣራዋ መስታወት የሆነች ነበረች። የፊት ወንበሯ ወገብ ያሻል። ነጋዴው ሞተሩን አስነስቶ አንድ ነገር ሲጫን መኪናዋ ቀስ ብላ ከመሬት ከፍ አለች። ሌላ ሲጫን ደግሞ ዝቅ አለች።

"ለመውጣትና ለመውረድ እንዲመች ነው" አለኝ።

እኔ በልቤ እዚያው ገዝቻት ነበር። የቀረው ወረቀት ብቻ ነው።

ባለቤቴ መጋላ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ ስንት ሜትር እንደሚገዛ ታውቃለች። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻትና፣

"ሰውየው ለምን ሸጣት?" አለች።

"ውጭ አገር ሊሄድ ነው አልኩሽ።"

"እሱስ ይሂድ። ይቺን እዚህ የጣላት ምን ሆኖ ነው?"

ወገብ የሚያሸውን ወንበር አሳየኋት። ትንሽ ተቀመጠችበትና "ይቆረቁራል" ብላ ወረደች።

ስድስት ቀን ንጉሥ ሆንኩ። በሰባተኛው ጠዋት ከመስጊድ ስመለስ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በሆዷ ተኝታለች። ጎማዎቿ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብተው ግማሽ ግማሻቸው ብቻ ይታያል። አንድ ሰው ከላይ የተጫናት ነው የምትመስለው። ሻይ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ብለው አዩዋትና "ታማ ነው ወይስ ደክሟት?" አሉ። ለቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ከደቻቱ ወንዝ ዳር ጋራዥ ያለው አንድ ሶማሌ መካኒክ አስጠራሁ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ስር ተኝቶ የኖረ ሰው ነው። ከእኔ መኪና ስር ግን ለመተኛት ቦታ አልነበረም። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን መሬት ላይ አስነክቶ፣ በእጅ ባትሪ ብዙ ቆየ። ሲነሳ ፊቱ ሰው ሊያረዳ የመጣ ይመስል ነበር።

"ዋላል፣ ወንድሜ፣ ይቺ ሞላ የላትም" አለኝ።

"ምን ማለት ነው የላትም? ተሰርቋል?"

"አይደለም። ከመጀመሪያውም የላትም። ብረት የለም። አራት የላስቲክ ከረጢት አለ፣ ውስጡ አየር ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። አንተ እኮ የገዛኸው አየር ነው።"

"ስንት ነው የሚያሠራው?"

መካኒኩ ዋጋ የሚናገረው በባጃጅ ነበር። ብር በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ባጃጅ ግን ባጃጅ ነው ይላል። "ለአንዱ እግር ግማሽ ባጃጅ" አለኝ። "ለአራቱም ከሆነ ሁለት ባጃጅ። ዕቃው ከዱባይ እስኪመጣ ደግሞ አንድ ወር፣ ሁለት ወር።"

አንዱን እግር፣ ከፊት የግራውን፣ በግማሽ ባጃጅ አሠራሁ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ስትተኛ ሦስት እግሯ ተኝቶ አንዱ ይቆማል። ጎረቤቴ "አሁንስ ተሽሏታል፣ አንድ እጇን ማንሳት ጀምራለች" አሉኝ።

ሌላውም ችግር ተከታትሎ መጣ። የኋላ መስኮቶቿ ተዘግተው አልከፈትም አሉ፤ የሁለቱ ሞተር የባጃጅ አንድ አራተኛ። የራዲያተሩ ማራገቢያ ሲፈልግ ይዞራል፣ ሳይፈልግ ይቆማል። ዘይት ታንጠባጥብ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ ድስት ከስሯ አስቀመጥን። ድስቱ የባለቤቴ ነው፤ ሳላስፈቅድ ነበር የወሰድኩት፤ እሱም ራሱን የቻለ ጣጣ አመጣ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ንግግሯ ነው። መኪናዋ ከዓረብ አገር ስለመጣች ዳሽቦርዷ ውስጥ ያለችው ሴት የምትናገረው በዓረብኛ ነው። እኔ ከዕቃ ማውጫ ዓረብኛ ሌላ አላውቅም። አንድ ቀን የሰፈራችንን ሸኽ ከገበያ ሳደርስ ሴትዮዋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ሸኹ አርባ ዓመት ዓረብኛ ያስተማሩ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጧት።

"ምን አለች?" አልኳቸው።

"ማሻአላህ! አንዲት የሰዋስው ስህተት የላትም። ቃሉን እንዴት አድርጋ ጨረሰችው! ተማሪዎቼ ሊሰሟት ይገባል።"

"እሺ፣ ግን ምን አለች?"

"የፍሬንህ ዘይት አልቋል ነው የምትለው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸኹ በባጃጅ አልሄድም አሉ። የትም ልሂድ ከጎኔ ናቸው። እሳቸው እየተረጎሙ እኔ እየነዳሁ፣ መኪናዋ ምን ምን እንደታመመች በሚገባ አወቅን። የማከሚያው ገንዘብ ብቻ ነው የጎደለን።

አንድ መላ ግን አገኘሁ። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ አየር መሙያው ከረጢቶቹን እየሞላ ያቆማታል። ሞተሩ ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትተኛለች። ስለዚህ ሞተር አላጠፋም። ባለቤቴን ገበያ ሳደርስ እኔ ሞተር አስነስቼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። የሰው ሠርግ ሄጄ ምሳዬን መሪ ጨብጬ በልቻለሁ። ቀዝቃዛ አየር ስለነበራት የሠርጉ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየመጡ እኔ ጋ ገቡ፤ በመጨረሻ ሙሽራው ራሱ ድንኳኑን ትቶ የኋላ ወንበር ላይ ላቡን ሲያደርቅ ተገኘ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን ነው ልጄ ላገባ ነው ብሎ የመጣው። የወደዳት ልጅ ከወንዙ ማዶ የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ በባቡሩ ዘመን የፉርጎ ጥገና ሹም የነበሩ፣ ቁጥብና ደረቅ ሰው ናቸው ይባላል። ለታላቅ እህቷ የመጡትን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አመላልሰዋል። "እንምከርበት፣ በሳምንቱ ተመለሱ" ማለት ልማዳቸው ነው አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተመረጡ፤ ሸኹ፣ ታላቅ ወንድሜና አንድ ሽንኩርት ነጋዴ። ወንድሜ ጉልበቱን ያመዋል፤ ለክብሩ ሲል ግን ማመሙን አያምንም። ሽንኩርት ነጋዴው ልቡ ንጹህ፣ ሰውነቱ ከባድ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የከበደ ነው። እኔ አድራሽ ነኝ።

"አባባ፣ በባጃጅ ሂዱ" አለኝ ልጄ።

"በእግርም ቢሆን ያዋጣል" አለች ባለቤቴ። "ድልድዩን መሻገር ነው።"

ተቀየምኩ። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት ለዚህ ቀን ካልሆነ ለምን ቀን ነው? አሳጠብኳት። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ሁላችንም ነጭ በነጭ ለብሰን ከመጋላ ወደ ከዚራ ተሻገርን። ዛፎቹ ስር ስንገባ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየን መሰለኝ። ከፊት ከጎኔ ሸኹ፣ ከኋላ ወንድሜና ነጋዴው ናቸው።

የልጅቷ እናት የግቢውን በር ከፈቱልን። የድሮ ቪላ ነው። የመኪና መግቢያው የተሠራው ለድሮ ትንንሽ መኪና ስለሆነ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የአበባ መደብ ነው፣ መደቦቹ ደግሞ ዙሪያቸውን በጥርብ ድንጋይ ተገንብተዋል። በሮቿ ከድንጋዩ በላይ እንዲከፈቱ መኪናዋን ከፍ አድርጌ፣ እየተጠነቀቅኩ፣ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል አስገባኋት። የሚቀረኝ ሰዎቹን አውርጄ ሞተሩ እየሠራ መቀመጥ ብቻ ነበር።

በረንዳው አጠገብ ስንደርስ ዳሽቦርዱ ቀላ። ሴትዮዋ ተናገረች። ሞተሩ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

"ምን አለች?" አልኩ።

"'ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቋል፤ ለደህንነትዎ ሲባል ጠፍቷል' ነው የምትለው" አሉ ሸኹ። "እንዴት ያለች ጨዋ ናት!"

ቁልፉን ደጋግሜ ሞከርኩ። ሞተሩ አልነሳም። አየር መሙያው ብቻ ትንሽ አጉረመረመ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን፣ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላ በኩል "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ መጣ። መኪናዋ በጨዋ ደንብ፣ ሳትቸኩል፣ ያሠራሁት እግሯ እንኳ ሳይቀር ቁጭ አለች።

ወንድሜ በሩን ገፋ። ሁለት ጣት ያህል ተከፈተና ድንጋዩን መታ። ነጋዴው በበኩሉ ገፋ፣ እሱም ድንጋዩን መታ። የእኔና የሸኹ በርም እንደዚያው ሆነ። ሁላችንም ተያየን።

አባትየው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ፊታቸውም የተተኮሰ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቡ" አሉን።

ልመልስ አፌን ስከፍት ወንድሜ ከኋላ ትከሻዬን ጨመቀኝ። "እንዳትነግረው!" አለኝ በሹክሹክታ። "ልጅ ሊለምኑ መጥተው መኪና ዋጣቸው ይባል?"

"ታዲያ በጣራው ልውጣና ሰው ልጥራ?"

"ሽማግሌ በጣራ ሲወርድ የት አይተሃል? ቁጭ በል!"

ቀዝቃዛው አየር ከሞተሩ ጋር ጠፍቷል። የኋላ መስኮቶች አይከፈቱም። የመስታወቱ ጣራ ግን ስጫነው ተከፈተ። ሸኹ ይህን አይተው ጫማቸውን አወለቁ፤ የቆዳውን ወንበር ላለማቆሸሽ ነው። ቢስሚላህ ብለው ወንበሩ ላይ ወጡ፣ በጣራው በኩል እስከ ወገባቸው ብቅ አሉ። መኪናዋ ስለተኛች ፊታቸው ከአባትየው ፊት ጋር ትክክል ሆነ።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ።

"ወዓለይኩም አሰላም" አሉ አባትየው ቀስ ብለው። "ውረዱና ተቀምጠን እናውራ እንጂ።"

ሸኹ ውሸት የማይናገሩ ሰው ናቸው። በዚህ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። "ለመውረድ አልተቻለንም" አሉ።

እኔ ከታች ሆኜ የማየው የሸኹን ካልሲና የአባትየውን ፊት ብቻ ነው። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው የተረዱት ሌላ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አልቀመጥም እንደሚል፣ እኛም ካልሰጡን አንወርድም ያልን መስሏቸዋል።

ሸኹ ንግግራቸውን ጀመሩ። የልጄን ጠባይ፣ የቤታችንን ሁኔታ፣ የልጅቷን መልካም ስም በሚያምር አነጋገር ዘረዘሩ። ከኋላ ግን ነጋዴው እየቀለጠ ነበር። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ወንድሜ በኮፍያው ያራግብለታል።

"ሰምቻለሁ" አሉ አባትየው በመጨረሻ። "ነገሩ ምክር ይፈልጋል። እንምከርበት፤ በሳምንቱ ተመለሱ።"

"በሳምንቱም እዚሁ የምታገኙን ይመስለኛል" አሉ ሸኹ።

ይህም እውነት ነበር። አባትየው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

በዚህ መሃል ነጋዴው አልቻለም። "ወላሂ እዚሁ እሞታለሁ!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ በሁለት ጣቱ የበር ክፍተት ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ጎረቤቶች አጥር ላይ ብቅ ብቅ አሉ።

የልጅቷ እናት ከበር ላይ ሆነው ሲያዳምጡ ነበር። "አንተ ሰውዬ!" አሉ ባላቸውን። "ሰዎቹ ደጃችን ላይ ሊሞቱ እኮ ነው! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? ስጣቸው!"

አባትየው ጭንቅላታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውሃ አቅሯል።

"ሦስት ልጅ ድሬያለሁ" አሉ። "ሽማግሌ ሁሉ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ፣ ቀልዶ ይሄዳል። የእኔን ልጅ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ሰጥቻለሁ። አላህ ይባርክላቸው።"

የስምምነቱ ማሰሪያ ፋቲሓ ተቀራ። ሸኹ ጣራው ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ እኛ ከታች ወንበራችን ላይ መዳፋችንን ዘርግተን፣ አባትየው በረንዳው ላይ ቆመው፣ ጎረቤቶቹም ከአጥሩ ላይ "አሚን" እያሉ። እልልታ ተሰማ። እኔ በደስታና በሐፍረት መካከል መሪውን ጨብጬ አለቀስኩ።

"በሉ አሁንስ ውረዱ" አሉ አባትየው እጃቸውን ዘርግተው።

ሸኹ ጎንበስ ብለው እኔን አዩኝ።

"አሁንም አልተቻለንም" አሉ ሸኹ።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልተቻለም። በመስኮቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከረጢቱን፣ አየሩን፣ ማራገቢያውን፣ ድንጋዩን። አባትየው ከበረንዳው ወረዱ። መኪናዋን ዞሩ። ጎንበስ ብለው ከስሯ ለማየት ሞከሩ። እኔ ልባቸው እንዳይቀየር እየጸለይኩ ነበር፣ እሳቸው ግን የተቆጡት በሌላ ነገር ነው።

"ሞላ የላትም?" አሉኝ።

"የላትም።"

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ።"

"እህል የሞላ ፉርጎ ከጅቡቲ እዚህ ድረስ በሞላ ላይ ነው የሚመጣው! ሞላ ምን በደላቸው?" አሉና ወደ ሰማይ አዩ። ሠሪዎቹ እዚያ ያሉ ይመስል።

መካኒኩ ተደወለለት። በባጃጅ ከአንድ ጎሚስታ ጋር መጣ። የመኪና ማንሻ ክሪክ ቢሞክሩት ከስሯ አልገባም። ጎሚስታው ሁለት አሮጌ የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ አምጥቶ ነበር። ሁለቱን አየር ሳይኖራቸው አጥፈው፣ እንደ ምንጣፍ አድርገው ከመኪናዋ ስር በዱላ ገፏቸው። ከዚያ በእጅ መንፊያ መንፋት ጀመሩ። መካኒኩ ሲደክመው ጎሚስታው፣ ጎሚስታው ሲደክመው አባትየው የተተኮሰ ሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ይነፋሉ። መኪናዋ በአንድ ጎኗ፣ ከዚያ በሌላው ጎኗ፣ እየተወላገደች ከፍ አለች። የወንድሜ በር ድንጋዩን ፋቅ አድርጎ አለፈ።

መጀመሪያ የወጣው ነጋዴው ነው። ማንንም ሰላም ሳይል የአበባ ማጠጫውን ቧንቧ አናቱ ላይ ከፈተው። ሸኹ ጫማቸውን አድርገው፣ ዞር ብለው ዳሽቦርዱን አዩና ነው የወጡት።

ምሳ ላይ ከአባትየው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሩዙን ገፋ አደረግኩት። "እውነቱን ሳታውቁ ነው ቃል የሰጣችሁን" አልኳቸው። "ቅር ካላችሁ . . ."

"ብላ" አሉኝ። "ፋቲሓው ተቀርቷል። አየር አይደለም እንዲያፈተልክ።"

ሠርጉ በደንብ አለፈ። የባለቤቴ ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ መኪናዋ እንዳትጠራ። የተቃጠለውን አየር መሙያ አስጠግኜ በሠርጉ ማግስት ለሽያጭ አወጣኋት። ገዢ ከጅጅጋ መጣ፣ ወጣት ነጋዴ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሸት ስለፈራሁ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ከረጢቶቹ ተሰንጥቀዋል አልኩት። ማራገቢያው አይታመንም፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ዘይት ታፈሳለች፣ ሽማግሌ ትውጣለች አልኩት። እሱ እየሳቀ አዳመጠኝና፣

"አቦ ሐጂ፣ መሸጥ ካልፈለግክ አልፈልግም በለኝ" አለኝ። "መኪናውን እንዲህ አጥብቆ የሚያጣጥል ሰው አይቼ አላውቅም።"

"እውነቴን ነው!"

"ይሁን፣ ትንሽ እጨምራለሁ።"

ጨመረ። ባለቤቴ በመስኮት ታይ ነበር፤ ሌላ ቃል እንዳልናገር በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጠራ። የገዢው ቁጥር ነው። የሚለውን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ሻይዬን አስቀመጥኩ።

"ሐጂ፣ ይቅርታ፣ ወገብ የሚያሸው ወንበር የቱ ጋ ነው የሚጠፋው? እናቴ ተቀምጣበት አልነሳም ብላለች።"

ነገርኩት። ከዚያ ድፍረት አግኝቼ "መኪናዋስ? ትተኛለች?" አልኩት።

"የት ትተኛለች? እንደቆመች ናት። አንድም ቀን ዝቅ አላለችብኝም።"

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ደቻቱ ወረድኩ። መካኒኩ ከአንድ አሮጌ ጭነት መኪና ስር እግሩ ብቻ ይታያል። ነገርኩት። የያዘው መፍቻ መሬት ሲወድቅ ሰማሁ።

"ጅጅጋ ብርድ ነው ዋላል" አለኝ ከስር። "ላስቲክ የእኛን ሙቀት አይወድም።"

"ታዲያ ይህን ያኔ አትነግረኝም?"

"ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ጅጅጋ ትገባ ነበር?"

ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ልንገራችሁ፣ ለእናትየው ደስ አለኝ፤ ለልጁም ደስ አለኝ። ግን ወላሂ፣ ሌላ ሰው ጋ ሄዳ ቀጥ ብላ መቆሟ ቅናት ለቀቀብኝ። ባለቤቴ ማታ ራት ላይ ምን ሆነሃል ብላ ብትጠይቀኝ፣ ሙቀቱ ነው አልኳት።